አማረች የተናገረችው

በ1971 ዓ.ም. መርዳሳ ጎበና ናዝሬት ዳር ባለ አንድ የዘይት ፋብሪካ የእሳት አደጋ ቡድን መሪ ነበር። ቡድኑ ልምምድ ካደረገ በኋላ አዳራሽ ገብቶ «ሂስና ግለሂስ» ያደርጋል፤ የተበላሸው ተነግሮ ለሚቀጥለው እንዲታረም። ግን በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ተናግሮ ቤቱ ሳይመለስ የቀረ ሰው የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ውሃው በዘገየ ቁጥር ጥፋተኛው ነፋሱ ነበር።

አንድ ቀን የውሃውን ጎማ የምትይዘው አማረች አላስቻላትም።

«ጋሽ መርዳሳ፣ ነፋሱ ምን አደረገ? የዘይት መጭመቂያው ሲጮህ እኮ የእርስዎ ትእዛዝ አይሰማም!»

አንዳንዱ ጫማውን አየ፤ ሌላው ከሞጆ ተዛውሮ የመጣውን ሳሊህን ሰረቅ አድርጎ ቃኘው። ሳሊህ ብዙ ይጠይቃል፤ ስለ ራሱ ግን ትንፍሽ አይልም።

በማግስቱ የፋብሪካው ካድሬ አማረችንና መርዳሳን አስጠራቸው።

«ትእዛዝ አንሰማም ብላችኋል አሉ። ምን ለማለት ነው?»

መርዳሳ ወሬውን ማን አወጣው እያለ በልቡ የቡድኑን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ያስታውስ ጀመር። ሆኖም «ጓድ፣ ይምጡና ራስዎ ይስሙት» ብሎ ካድሬውን መጭመቂያው ከሚጮህበት አጠገብ፣ ጎማው ከሚዘረጋበት ቦታ አቆመው። እሱ ከበሩ ሆኖ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ።

ካድሬው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን?» አለ። መርዳሳ ደግሞ ጮኸ። «ምን?» አለ ካድሬው አሁንም። ከዚያ ፊቱን አጥቁሮ ሄደ፤ አማረችም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ነፋሱን እንኳ የሚወቅስ ጠፋ። መርዳሳ ዘዴ ፈለገ። ልምምድ ሲያልቅ ሰዎቹን በየተራ መጭመቂያው አጠገብ እየጠራ አፍ ለጆሮ ያነጋግራቸው ጀመር፤ እዚያ ሦስተኛ ሰው አይሰማም። አንዱ ቧንቧው ዝጓል አለው። ሌላው መሰላሉ ይከብዳል አለ። አማረች «በእጅ ምልክት ይዘዙን» አለችው። መርዳሳ ማን እንዳለው ሳይናገር ሁሉንም አስተካከለ። የሳሊህን ተራ ግን ሁልጊዜ ይዘለው ነበር።

በበጋው ለዘይት የሚሆነው የጥጥ ፍሬ መጋዘን ተቀጣጠለ። መርዳሳ ክንዱን አነሳ፤ ውሃው ሳይዘገይ መጣ፤ የመጋዘኑ አብዛኛው ክፍል ተረፈ። በማግስቱ ሳሊህ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ሳይጠራ መጭመቂያው አጠገብ መጣና ወደ መርዳሳ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ለካድሬው የነገርኩት እኔ አይደለሁም!»

መርዳሳ ትክ ብሎ አየው። አላመነውም፤ ዋሽተሃልም አላለውም።

«ትናንት ምን ተበላሸ?» ሲል ጠየቀው።

ሳሊህ ነገረው። ወሬውን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን መርዳሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አላወቀም።