ጎንፋና የያዮው ልኬት

መቱ ውስጥ ጎንፋን የማያውቅ የለም። ቆሞ ይበላል፣ እየዞረ ያወራል፤ መሪ ሲጨብጥ ብቻ ልቡ ይረጋል። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ካርታ አንሺዎች መጥተው ሾፌር ሲጠይቁ፣ ከተማው «መኪና ላይ ካላሰራችሁት አይቀመጥም» እያለ ጠቆማቸው።

የላንድሮቨሯ ጣሪያ ላይ አንቴና ተተክሎ ነበር። እነጎንፋ ያዮ ኮረብታ ላይ ይቆማሉ፤ ጎሬ በኩል ሌላ መኪና በሌላ አንቴና ይጠብቃቸዋል። የሬዲዮው ሞገድ በጫካው አናት ተመላልሶ የሁለቱን ርቀት ይናገራል።

ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ግን ልኬቱ አንዱ ካንዱ አልገጥም አለ። የሬዲዮ ባለሙያው አምባዬ «ልኩ ሳይገኝ ንቅንቅ የለም» ብለዋል።

ጎንፋ እሳት ላይ እንደቆመ ሰው ሆኗል። ማለዳ ከመቱ የመጣ ነጋዴ ሚስቱን ሻሽቱን ምጥ እንደያዛት ነግሮታል። አምና የወለደችው ልጅ ድምፅ ሳያሰማ ነው የቀረው፤ እሷም ለጥቂት ተረፈች።

«ጋሼ፣ ይበቃል በሉኛ!»

«እኔ ብል ጎሬ እሺ ይላል? ደግሞ አትዙርብኝ፣ ጭንቅላቴን አዞርከው!»

ጎንፋ አንድ ዝግባ ሥር ሄዶ አንጎራጎረ፤

«መኪናዬ ቆመ ከያዮ ጫካ ዳር፣
ልቤን ማን ያቁመው መቱ ሄዶ ሲዞር።»

አምባዬ ዜማው አንጀታቸውን በላው። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ተተከለ። ከአንቴናው አጠገብ አንድ ትልቅ የላምባ ቆርቆሮ በገመድ ተጠፍሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማር ነው፣ ለአራሷ። ወሬውን እንደሰማሁ ገዛሁ። ባዶ እጄን አራስ ቤት ልግባ እንዴ? የመኪናዋን ውስጥ እናንተ በዕቃ ሞልታችሁታል።»

«አንተ ሰውዬ! ሞገዱ ቆርቆሮህ ላይ እየነጠረ እኮ ነው የሚዘባርቀው! ራስህን በራስህ አሰርክ!»

ጎንፋ ጣሪያው ላይ ዘሎ ወጣ፣ ገመዱን በጥርሱ ፈታ፣ ቆርቆሮውን ዝግባው ሥር አኖረው። አምባዬ እንደገና ለኩ፤ ደገሙ፤ ገጠመ።

«ያ ዋቃዮ!» አለ ጎንፋ አምላኩን ጠርቶ፣ ሞተሩን እያስነሳ።

የሶርን ወንዝ ሲሻገር ውሃው ያልቅስ ይዝፈን አልለየለትም። ደጁ ሲደርስ አክስቱ ሙላቷ በሩን በክንዷ ዘጋችው።

«ወዴት? ወንድ አይገባም!»

«ሻሽቱስ?»

«ደህና ናት። ሴት ልጅ ወልዳልሃለች፣ አሁን።»

«ትተነፍሳለች?»

«ስትጮህ አልሰማህም?»

አልሰማም፤ ሞተሩ ጆሮው ውስጥ ገና ይጮሃል። ጉንጩን በሩ ላይ አስደግፎ ለመነ፤

«እንግዲያው እትዬ፣ አንዴ ደግማ ትጩህልኝ።»