የማርልቢ ታውን ማሊያ አጣቢ

ቤሪል ኦግደን የማርልቢ ታውንን ማሊያ ሠላሳ አንድ ዓመት አጥባለች። አሰልጣኝ መጣ፣ አሰልጣኝ ሄደ፤ ባለቤት ተቀያየረ፤ ቡድኑ አንዴ ወጣ፣ ሦስቴ ወረደ፤ እሷ ግን ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ከሁለት ማጠቢያ ማሽኖቿ ጋር ነበረች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ኳስ አዋቂ ነን የሚሉ ብዙ ሰዎች ጭኛለሁ። እንደ ቤሪል የሚያውቅ ግን አልገጠመኝም። እውቀቷ ደግሞ የሚመጣው ከሜዳው ይልቅ ከቆሻሻው ልብስ ነበር።

ከጨዋታ በኋላ ማሊያዎቹን ወለሉ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። የተከላካዩ ቁምጣ ጭቃ ካልነካው ልጁ ፈርቷል ማለት ነው። ከአጥቂው ካልሲ አንዱ ብቻ ተረከዙ ጋ ከተበላ፣ ሕመሙን ደብቆ እያነከሰ ነው። አንድ ጊዜ ከለንደን አጥቂ አመጣን። ሥጋ ሻጩ ኔቪል በስሙ ሊምል ምንም አልቀረውም። ቤሪል በሦስተኛው ሳምንት «ይሄ ልጅ አያልብም» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልጁ እስከ ገና አንድ ጎል አግብቶ ሄደ። እሷንም ያገባት ኳሷ ጀርባውን መትታው ነው።

በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። በጁላይ ሁለተኛው ዓርብ «ማረሻ» በሚባለው መጠጥ ቤት፣ የመስኮቱ ጥግ ጠረጴዛ የእኛ ነው፤ ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ ስንተኛ እንደሚሆን እያንዳንዳችን በቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ጀርባ እንጽፋለን። አንዴ ከተጻፈ መሰረዝ የለም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ካርቶኖቹን ግድግዳ ላይ ትሰካቸዋለች፤ እስከ ሜይ ድረስ ሲያሳቁብን ይከርማሉ። ቤሪል የምትጽፈው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። የእኛ ቁጥር ምኞት ነው፤ የእሷን ቁጥር ግን አይቶ የዓመት ትኬት የሚገዛ፣ አይቶም የሚተው ሰው ነበር።

ዊልፍ ሆልሮይድ ጎረቤቷ ነው፤ በመሃላቸው አንድ ቤት ብቻ አለ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ሚስቱን ከቀበረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታ ለማየት ከቤሪል ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ስለዚህ በወዲያኛው ጎል በኩል የሆነውን የምትነግረው እሷ ናት። «ማን ነው የሳተው?» ይላታል። «ያው እሱ ነው» ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ ነገር በመሃላቸው ይኑር አይኑር ጠይቄ አላውቅም። በማርልቢ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ባለጉዳዮቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይጠያየቁም።

የዊልፍ ልጅ ሮዛሊንድ የምትኖረው ደቡብ፣ ባሕሩ ዳር ነው። አባቷ ዓይኑ ሳይጠፋ አጠገቧ እንዲሆን፣ ነርስ ባለበት የአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ አንድ ክፍል እንዲሰጠው ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቃለች። በዚያ ጁን ወር ወረፋው ደረሰ። መልሱ የሚፈለገው ካርቶን ከምንጽፍበት ዓርብ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነበር። ዊልፍ ጉዳዩን ጠረጴዛው ላይ አመጣው፤ እንደ ቀልድ አድርጎ ነው ያመጣው።

«ቤሪል ከአሥረኛ የተሻለ ከጻፈች አንድ ዓመት እቆያለሁ» አለ። «እንወርዳለን ካለች ግን ሲሸነፉ ለማዳመጥ ብዬ እዚህ ብርድ አልጠጣም፤ እሄዳለሁ።»

ሳቅን። ቤሪል አልሳቀችም። ብርጭቆዋን ሳትጨርሰው አስቀምጣ ተነሳችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ያን ጁን ቀልቤ ገና ከጅምሩ አልወደደውም። ጠዋት ጠዋት ውሻዬን ይዤ በሜዳው አጥር ዳር አልፋለሁ። ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ የሚያጭደው ሰውዬ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በሰሜኑ በር ላይ አዲስ ሰንሰለት ተጠምጥሟል፤ ከውጭ ነው የታሰረው። ቢሆንም የጨዋታ መርሐ ግብሩ ወጣ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ በእኛው ሜዳ ነው፤ የከተማው ሰው ከዚያ ወዲያ ምንም ማየት አልፈለገም። ስለ ሰንሰለቱ ባነሳ ቁጥር ፊቱን የማያጠቁርብኝ አልነበረም። ከፕሪሚየር ሊጉ አራት እርከን በታች ሆኖ የሚኖር ሰው፣ በበጋ ተስፋውን ከነኩበት ይናከሳል።

ለቤሪል ግን ልብሱ እየነገራት ነበር። ልምምድ በተጀመረበት ቀን የአሥራ አንድ ሰው ልብስ መጣላት፤ በሌላ ዓመት ሃያ አራት ይመጣል። በሳምንቱ ሰባት ሆነ። ከዚያ አንድ ሐሙስ የአንድ ሰው ብቻ መጣ፤ የበረኛው። ቅርጫቱ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ላብ የለው፣ ጭቃ የለው። ልጁ ለብሶ ሜዳ ወጥቶ፣ ማንንም ሳያገኝ ቀርቶ፣ መልሶ አጥፎት ሄዷል። ቤሪል እሱንም አጠበችው፤ ሰቀለችው፤ ከዚያ ደረጃውን ወጥታ ወደ ክለቡ ጸሐፊ ወደ ሚስተር ፔል ቢሮ ሄደች።

«ወይዘሮ ኦግደን፣ እባክዎ በሩን ይዝጉት» አላት።

ነገሩን አልደበቃትም። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሄደዋል። የክለቡ ባለቤት ስልክ አያነሳም። እስከ ጁላይ መጨረሻ ሙሉ ቡድን ካልተመዘገበ ሊጉ የማርልቢን ስም ይሰርዛል። ክለቡን የሚገዛ አንድ ሰው አለ ይባላል፤ ግን ወሬ ከወጣ ይሸሻል። ስለዚህ ለማንም እንዳትተነፍስ ለመናት፤ ለማንም ብሎ ሁለቴ ደገመላት። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ቃል ሰጠችው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በኋላ ነው። ይህ የሆነው ሐሙስ ነው፤ ካርቶን የሚጻፈው በማግስቱ ነበር።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ተሰበሰብን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ መስኮቱ ተከፍቷል። ኔቪል ብዕሩን ከእጄ ነጥቆ «ሦስተኛ» ብሎ ጻፈ። ከፖርቹጋል ሁለተኛ ሊግ አጥቂ እየመጣ ነው፤ የእህቱ ባል አየር ማረፊያ ላይ በዓይኑ አይቶታል።

«አጥቂ መሆኑን በምን አወቀ?» አልኩት።

«ቁመናው ያስታውቃል። ሻንጣም ይዞ ነበር።»

«ሻንጣማ አክስቴም ትይዛለች። እሷንም አስፈርማት።»

«አንተ ሌን፣ ሰው ደስ ሲለው ሆድህን ይቆርጥሃል እኮ። እንዳንተ ያለውን ነው እንግዳ ቡድን ደጋፊ ጋ ማስቀመጥ።»

እኔ እንደየዓመቱ አሥራ አራተኛ ጻፍኩ። አሥራ አራተኛ የሚጽፍ ሰው እንቅልፍ አያጣም። ዊልፍ አልጽፍም አለ፤ ካርቶኑን ወደ ቤሪል ገፋ አደረገላትና ደህና ዓይኑ በኩል እንድትሆንለት ወንበሩን አዞረ።

«እንግዲህ ቤሪል» አላት፤ «ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

ፈገግ ብሎ ነው ያላት፤ ድምፁ ግን ፈገግታ አልነበረበትም። ብዕሩን ያዘች። አሁንም ድረስ የማስበው ያቺን ደቂቃ ነው። ምስጢሩን ማውጣት አያስፈልጋትም ነበር። ከሃያ አራቱ ቡድኖች ሃያ ሁለተኛ፣ እንወርዳለን ማለት ነው፣ ብላ ብትጽፍ ለፔል የሰጠችው ቃል አይፈርስም፤ ዊልፍም ገብቶት ሰኞ ለልጁ እሺ ይላል። ቤሪል ግን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንድ ቁጥር ጻፈችና ካርቶኑን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ዊልፍ አነሳው። ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበበና «ሰባተኛ» አለ።

ሰባተኛ ማለት ወደ ላይ ለማደግ ከሚጋጠሙት ቡድኖች የመጨረሻው መሆን ነው። ቤሪል በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር የጻፈችው ሁለቴ ብቻ ነበር፤ ሁለቴም ሆኗል። መጠጥ ቤቱ ተናወጠ። ኔቪል ለሁላችን ቢራ አዘዘ፤ ይህ ራሱ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር። ዊልፍ ካርቶኑን ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሲሰጣት ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። ቤሪል አንገቷን ደፍታ የእጅ ቦርሳዋን እየከፈተች ትዘጋለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከእሷ ጋር ተገጣጠምኩ። እውነት ሰባተኛ ነው ወይ አልኳት።

«ዝም ብለህ ሂድ ሌን» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዊልፍ ለሮዛሊንድ ደወለ። ልጅቷ አለቀሰች፤ እሱም የዓመት ትኬቱን ገዝቶ ተመለሰ። ማክሰኞ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ማስታወስ አልወድም። የወዳጅነት ጨዋታዎቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ። ሜዳው ረጥቧል ተባለ፤ ዝናብ ካየን አሥራ ሁለት ቀን ሆኖን ነበር። አዲሱ ማሊያ ለሽያጭ አልወጣም። ሰው ሁሉ እርስ በርስ መተያየት ጀመረ፤ ሆኖም አንዱ «ነገር አለ» ሲል ሌላው «ቤሪል እኮ ሰባተኛ ብላለች» ይለዋል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ዊልፍ ከሁሉ ይበልጥ ይህን ይላል። እሷ ግን ወደ ማረሻ መምጣት ተወች። ጠዋት ወደ ክለቡ ትሄዳለች፤ የሚታጠብ የለም፤ ያለፈውን ዓመት ማሊያ አውጥታ ደግማ ታጥባለች። ቀለሙ እስኪለቅ አጠበችው።

በኦገስት የመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀትር ላይ ወሬው መጣ። ገዢ የተባለው ሰው አልመጣም። ሊጉ ማርልቢ ታውንን ሰርዞታል። መቶ አሥር ዓመት ኖሮ በአራት መስመር ማስታወቂያ ጠፋ።

ቅዳሜ ግን ሰዉ መጣ። ማንም አልጠራንም፤ በዘጠኝ ሰዓት እግራችን ወደዚያው ወሰደን። ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች በተቆለፈው በር ፊት ቆምን። ኔቪል ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ከነሽርጡ መጥቷል፤ የሚለው ነገር አጥቶ ሰንሰለቱን በጣቱ ይነካካል። የሚዘፍን የለም፤ የሚሳደብም የለም። ዊልፍ ስካርፉን አድርጎ አጥሩን ተደግፏል። ቤሪል ከኋላ መጣችና አጠገቡ ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት፤ ፊቱን አላዞረም።

«ከካርቶኑ በፊት ባለው ቀን።»

«ፔል አትናገሪ ብሎሽ ይሆናል፤ ለዚያ ነው?»

መውጫ ሰጥቷት ነበር። እኔ ብሆን አዎ እል ነበር፤ ነገሩም እዚያው ይቀበር ነበር።

«አይደለም» አለች። «እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።»

ዊልፍ ስካርፉን አወለቀ፤ አጠፈው፤ ኪሱ ውስጥ አስገባው።

«ብትጠይቂኝ እቀር ነበር» አላት። «ሃያ አራተኛ ብትጽፊም እንኳ።»

መንገዱን በእጁ አጥሩን እየዳሰሰ ብቻውን ሄደ። ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች።

ሮዛሊንድ ወረፋውን እንደገና ከመጨረሻው ጀመረች፤ ሦስት ዓመት ይፈጃል ብለዋታል። የዊልፍ ቀኝ ዓይን ያን ያህል አይቆይም፤ እሱም ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጠይቀው እሄዳለሁ፤ በሬዲዮ የሌሎችን ጨዋታ እናዳምጣለን። ማን እንደሳተ አይጠይቀኝም። ስወጣ ቤሪል በመስኮቷ ታየኛለች፤ ደህና ነው ወይ እንደማለት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ እኔም እመልስላታለሁ። በሩን አታንኳኳም፤ እሱም አይጠራትም። እንደፈለገችው አልሄደባትም፤ እዚያው ነው፤ በመሃላቸው ያለው አሁንም አንድ ቤት ብቻ ነው።