ከደሴ የመጣው ዋንዛ

ባለፈው ሰሞን በካዛንቺስ ሳልፍ የእግረኛው መንገድ ላይ ነጭ አበባ ተነጥፎ አየሁ። ቀና አልኩ፤ ዋንዛ ነው። የት እንደቆምኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ሳለ ከሰፈሬ ልጆች ጋር ቂርቆስ ወንዙ ዳር ችግኝ እናፈላ ነበር። የየትኛው አገር ዋንዛ ቶሎ ለጣውላ እንደሚደርስ ለማወቅ ጓጓሁ፤ ያስተማረኝ ሰው ግን አልነበረም። የጅማውን ዘር አንድ ሹፌር አመጣልኝ። የደሴውን ያመጣችው ሰዓዳ ናት፤ እናቷ ካዛንቺስ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። አባቷን ደሴ ቀብራ ስትመለስ ከደጃቸው ዋንዛ ሥር የለቀመችውን በመሀረብ ቋጥራ ሰጠችኝ።

«አንዱ እንኳ መንገድ ዳር ቆሞ ባየው ይበቃኛል» አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ችግኞቹን በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እሷ በጋዜጣ የጠቀለለችውን ትኩስ ሳምቡሳ ይዛ አጠገቤ ቁጢጥ ትላለች። ዘይቱ ደብተሬን ሲነካው እቆጣለሁ፤ ትስቃለች። ዛሬ ያ ደብተር ቢገኝ መጀመሪያ የምፈልገው የዘይቱን ምልክት ነው።

ክረምት ሲገባ የጅማው ጉልበቴን አልፏል፤ የደሴው ከስንዝር ብዙም አልዘለለ። መንገድ ዳር የተቆፈረልን ስድስት ጉድጓድ ብቻ ነበር።

«አንዷን ለአባቴ ተውልኝ» አለች።

«የሚመረጠው በልኬት ነው፣ ሰዓዳ። ያንቺዎቹ ሰነፎች ናቸው።»

«ቁመት ብቻ ነው እንዴ የምትለካው? በቃ፣ ሜትርህን ትከል!»

ስድስቱንም የጅማ ተከልኩ። እሷ አንዲቷን ችግኝ በጣሳ ይዛ ሄደች፤ ቅዳሜም መምጣቷን ተወች።

ኅዳርና ታኅሣሥ ቁሩ የረጃጅሞቹን ጫፍ አቃጠለው፤ በጋው ሲያልቅ ስድስቱም ደርቀው ነበር። ጥፋቴን ልነግራት ወደ ሱቃቸው ወጣሁ። ሌላ ሰው ተከራይቶታል።

«ወደ አገራቸው ገቡ እኮ። አልነገሩህም?» አለኝ አዲሱ ባለሱቅ።

ከሱቁ ጎን፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ታጥራ፣ ያቺ ችግኝ ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥታ ቆማለች። ምናልባት ደጋውን ከአገሯ ለምዳው መጥታ ይሆናል። የወጣሁት ሜትሬን ይዤ ነበር፤ ከኪሴ ግን አላወጣሁትም።

ሱቁ ዛሬ የለም። ባለፈው ሰሞን አበባውን ባየሁ ቀን ሜትር አልያዝኩም ነበር። አላፊ አግዳሚው እያየኝ ግንዱን በሁለት ክንዴ አቅፌ ለካሁት። ጣቶቼ ሊገናኙ አንድ ስንዝር ቀራቸው።