አልቅቱ የጠጣበት ጣሳ

ጥሬ ጉበት መንካት እንኳ የሚያንገሸግሸኝ ሰው ነኝ። አባቴ ከእንጦጦ ሲወርዱ ከምንጭ ጎንበስ ብለው ጠጥተው፣ አፍንጫቸው ውስጥ አልቅት ይዘው የመጡ ጊዜ ግን የሚያወጣላቸው ከእኔ በቀር አልተገኘም። እናቴ ደም ካየች ትወድቃለች።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ የካ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። በዚያው ሳምንት ስለ ሴል ሽፋን ነበር የማስረዳው። ሴል ሁሉ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው፤ ሽፋኑ የሚጠቅመውን መርጦ ያስገባል፣ ቆሻሻውን ያስወጣል። ውሃ በቀላሉ ያልፍበታል፤ ውጭ ጨው ከበዛ የውስጡ ውሃ ተስቦ ይወጣል። ሰሌዳ ላይ ሲሳል እንዴት ንጹሕ ነው!

ቤት ስገባ አባቴ ደሙ አገጫቸው ድረስ ወርዶ ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ ሲደሙ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው "ለትል?" ብለው ተቆጡኝ። ጎረቤታችን ሽማግሌም ጠዋት መጥተው "እስከ ማታ ውሃ እንዳታቀምሱት፤ አልቅቱ ሲጠማው ራሱ ይወጣል" ብለው ፈርደው ሄደዋል። ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ ውለው በጥም ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

አመሻሽ ላይ ውሃ የሞላ ጣሳ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ብቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ተንጠለጠለ። ስይዘው ሙልጭ ብሎ ተመለሰ። ጣቴ ላይ የቀረውን ልጋግ በቀሚሴ ጠረግሁ፤ ቀሚሱንም ጠላሁት። ዳግመኛ ብቅ ሲል እንዳያሟልጨኝ ጣቶቼን አመድ ውስጥ ነክሬ ጨመደድኩት። እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ በመጨረሻ ተነቀለ።

መሬት ጥዬ አንድ እፍኝ ጨው ደፋሁበት። ተኮማተረ፤ ውሃውን አወጣ፤ ከዚያ የጠጣውን ደም ተፋ። የአባቴን ደም! ያስተማርኩት ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር፤ እኔ ግን የመጣብኝ ማስታወክ ብቻ ነው።

ቀና ስል አባቴ ጣሳውን አንሥተዋል።

"አባዬ፣ እንዳይጠጡት! እሱ የጠጣበት ነው እኮ!"

ጨለጡት። ልጋጉንም፣ ደሙንም። ሽፋኑ መርጦ ያስገባል እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስለፈልፍ የከረምኩት እኔ፣ የገዛ አባቴ ሳይመርጡ ሲያስገቡ ቆሜ አየሁ።

አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው "አፍንጫዬ ውስጥ ያሳደርኩትን አሁን ልጸየፈው?" አሉኝ።

ጣሳውን ያኔውኑ አውጥቼ ገደል ከተትኩት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ከገደሉ አውጥተው፣ አጥበው ቦታው መልሰውት አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚጠጡት በሱ ብቻ ሆነ።