ሁለት ኪሎ ጎማ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ቁርጡን ነገረኝ። በኬሚስትሪ ከወደቅሁ አጎቴ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲመጣ ይዞኝ ይመለሳል፤ ሱቁ ውስጥ እቆማለሁ። አባቴ እንደ ቅጣት አላየውም፤ በእኛ አገር ዘመድ ዘመዱን ወደ ንግድ መሳብ ወግ ነው። እኔ ግን ንግድ ሲባል ደሜ ይፈላል። ከትምህርት ቤት መልስ የአባቴ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ውስጥ መቆሜ ሳያንስ ዕድሜ ልኬን? ወላሂ አይሆንም አልኩ፤ በሆዴ ነው ታዲያ።

ችግሩ ፕላዝማው ነበር። ያኔ የምንማረው በቴሌቪዥን ነው። መምህሩ ከስክሪኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ያንበለብላል፣ ጥያቄ ይጥላል፣ ሙዚቃ ይለቃል፤ ሙዚቃው ሲያልቅ መልሱን ራሱ ተናግሮ ጎበዞች ይለናል። ማንን እንደሆነ አላህ ይወቀው፤ እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው።

አንድ ቀን ስለ ማግኒዥየም በኦክስጅን መቃጠል ጠየቀን። በተመጣጠነው እኩልዮሽ ላይ ለሁለት ማግኒዥየም አንድ ኦክስጅን ይላል። አርባ ስምንት ግራም ማግኒዥየም ስንት ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል? ሁላችንም የነጋዴ ልጆች ነን፣ ሚዛን ሥር ነው ያደግነው። ሁለት ለአንድ ከሆነ ግማሹ ነው፣ ሃያ አራት አልን። ስክሪኑ ሠላሳ ሁለት አለ፤ ጎበዞች ብሎንም ሄደ። የክፍሉ አስተማሪ "ሞል ማለት እኮ እንደ ደርዘን ነው፣ የቁጥር ስም ነው" ብለው ሊያስረዱን ሲጀምሩ ተደወለ። ለፈተናው ሳምንት ቀርቶታል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ፊቴን ቋጥሬ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽማግሌ መጡ። የአረፋ እንግዳ ሳይደርስባቸው ቤታቸውን ቆርቆሮ ሊያለብሱ ነው። "ሁለት ኪሎ የቆርቆሮ ምስማር ስጪኝ፣ ውሃ እንዳያስገባ ከራሱ ሥር የሚገባውን ጎማ ደግሞ ሁለት ኪሎ" አሉኝ።

"አባባ፣ ሁለት ኪሎ ጎማ ምን ያደርግልዎታል? ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል" አልኳቸው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። "ለአንድ ምስማር አንድ ጎማ ነው። መጀመሪያ ምስማሩ ስንት ፍሬ እንደሆነ እንወቅ፣ ከዚያ በፍሬው ልክ ጎማ እንመዝናለን።"

እንደ ወትሮዬ ጥቂት ምስማር ቆጥሬ መዘንኩና ሁለቱ ኪሎ ስንት ፍሬ እንደሚሆን አሰላሁ። ጎማውን ሚዛኑ ላይ ሳደርግ እጄ ቀጥ አለ። እኩልዮሹ የሚያወራው ስለ ፍሬ ነው እንጂ ስለ ክብደት አይደለም! ግራሙን ወደ ሞል መለወጥ ማለት ምስማሩን መቁጠር ነው። አንድ ሞል ማግኒዥየም ሃያ አራት ግራም ይመዝናል፤ አርባ ስምንቱ ሁለት ሞል ሆነ። ለሁለት ሞል ማግኒዥየም አንድ ሞል ኦክስጅን፣ አንድ ሞል ኦክስጅን ደግሞ ሠላሳ ሁለት ግራም። እነሆ መልሱ።

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ገና ደህና ሆንኩ" አልኳቸው።

ፈተናው ላይ አሥራ ሁለት ግራም ማግኒዥየም ሲመጣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ግማሽ ሞል ነው፤ ኦክስጅኑ ሩብ ሞል፣ ስምንት ግራም። የቀሩትንም እንደ ቆሎ ቆረጠምኳቸው። ወረቀቱ ሲመለስ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ተንቀባረርኩ፣ አልደብቅም፤ ሊያዩ የፈለጉትንም ያልፈለጉትንም አሳየኋቸው።

አረፋ ደረሰ፣ አጎቴም መጣ። አባቴ ወረቀቴን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠው። አጎቴ አገላብጦ አየውና "ጥሩ ነው፤ ታዲያ እኔ ሱቁ ላይ ማንን ላቁም?" አለ።

አባቴ ሥጋውን እየቆረጠ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "እኔን ውሰደኝ" አለው። "እሷ ትማራለች።"