ማይን ወንዝ ዳር የተያዙት ወታደሮች

ፖሊሶች የያዙኝ ጀርመን አገር፣ ሆኽስት ውስጥ፣ ማይን ወንዝ ዳር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዝቅተኛው የድንጋይ አጥር ላይ ጥቂት የብረት ወታደሮች ደርድሬ፣ ተንበርክኬ ፎቶ አነሳቸው ነበር። ቁመታቸው ከትንሿ ጣቴ ያንሳል፤ ቀለም የቀባኋቸውም ራሴ ነኝ። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት እዚያው ወንዝ ዳር ጦርነት ተደርጎ ነበር። እኔ ኒድ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ያንን ውጊያ ብቻዬን እጫወተዋለሁ። ከፎምና ከካርቶን የምሠራው የወንዝ ዳርቻ እውነተኛውን እንዲመስል ብዬ ነው ወንዙን ለማየት የሄድኩት።

ከወታደሮቹ ጀርባ ምን እንደሚታይ አላሰብኩበትም። የኬሚካል ፋብሪካው ጭስ ማውጫና ግዙፍ ጋኖች ነበሩ።

«አውስቫይስ፣ ቢተ» አለችኝ ከኋላዬ አንዲት ፖሊስ። መታወቂያዬን ሰጠኋት። ስልኬንም ጠየቀችኝ። ፎቶዎቹን እያሳለፈች ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የወንዙ ካርታ አለ። ካርታው ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀስቶች አሉ። ቀስቶቹ ወደ አንድ ድልድይ ያመለክታሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው» አልኳት። ለዓመታት የተናገርኩት ጀርመንኛ ከአፌ ጠፋ፤ ያንኑ ቃል ብቻ ደጋገምኩ። ፋብሪካ አጠገብ ቀስት የተሳለበት ካርታ ይዞ የተገኘ ሰው እንዲህ ሲል እንዴት እንደሚሰማ ለራሴም ታወቀኝ። ባልደረባዋ ወታደሮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። መደቡ ላይ ሰማያዊ ፍራሽ አለ። ማንም አልመታኝም፤ ማንም አልሰደበኝም። ውሃ እንኳ ሰጥተውኛል። አገር ቤት በፖለቲካ የታሰርኩበት ክፍል ጨለማ ነበር፤ የምንተኛው ተደራርበን ነው። ሰውነቴ ግን የሁለቱን ልዩነት አላወቀም። ኮሪደሩ ላይ ቁልፍ በተንቃጨለ ቁጥር ጭንቅላቴን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ። አንዱ ፖሊስ በበሩ ቀዳዳ አይቶኝ «ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፤ እጄን ከጭንቅላቴ ላይ ሳላወርድ።

አገር ቤትም የጀመረው እንዲህ በጨዋ ጥያቄ ነበር። አውፈንትሃልቴን ቢነጥቁኝስ? የመኖሪያ ፈቃዴ ከሄደ የምመለሰው ወደሸሸሁት እስር ቤት ነው። ፖሊሶች ቤቴን ሊፈትሹ እንደሄዱም ነግረውኛል። ባለቤቴ በር ስትከፍትላቸው በዓይኔ ታየኝ። ጨዋታዬን አትወደውም፤ «ጸሎት የሚደረግበት ቤት ውስጥ ጦርነት ዘርግተህ» እያለች ትቆጣኛለች። ምን ትላቸው ይሆን?

ለምርመራ ሲያወጡኝ አስተርጓሚ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አማርኛቸው የአስመራ ቅላጼ ያለው እናት።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

መርማሪው ምን እንዳሉኝ ጠየቃቸው። እንዳልፈራ እንደነገሩኝ መለሱለት። ጥያቄውን ብቻ እንዲተረጉሙ አሳሰባቸው። ከረጢቱ ከነወታደሮቼ መሀላችን ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ከማን ጋር ነው የምትጫወተው ይልሃል።»

«ከማንም ጋር። ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ጠላትየውን የሚያዘው ማን ነው?»

«እሱንም እኔው ነኝ የማንቀሳቅሰው። ምን እንደሚያደርግ ግን ዳይስ ጥዬ በወጣው ቁጥር ነው የማውቀው።»

እማማ ከመተርጎማቸው በፊት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ብቻህን?» አሉኝ፤ ይሄ የራሳቸው ጥያቄ ነበር።

«አዎ እማማ። ብቻዬን።»

መርማሪው የካርታውን ፎቶ ወደ እኔ ገፋው። «ድልድዩን ምን ልታደርገው ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አገር ቤት ያስመታኝ እውነቱን መናገሬ ነበር።

«ሰው ላሻግርበት ነው» አልኩ በመጨረሻ። «የተሸነፈው ጦር የሸሸው በዚያ ድልድይ ነው። ተገፋፍተው ብዙዎቹ ወንዙ ውስጥ ሰጠሙ። እኔ ስጫወት ያን ጊዜ ከተሻገሩት የበለጠ ለማሻገር ነው የምሞክረው። ማሸነፉ ግድ አይሰጠኝም።»

እማማ ይህን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ዝግ አለ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሳካልዎታል?» አለኝ።

«አንዳንዴ» አልኩት፣ ራሴው በጀርመንኛ።

እንደገና ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ከሁሉም የከፋው ያ ጥበቃ ነበር። የተናገርኩትን ቃል በቃል እያነሳሁ የትኛው ሊያስወነጅለኝ እንደሚችል ስፈልግ ቆየሁ። ሁሉም የሚያስወነጅል መሰለኝ። በሩ ሲከፈት ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ።

«ባለቤትዎም የነገሩን ያንኑ ነው» አለ መርማሪው የምርመራው ክፍል ስደርስ። «ጠረጴዛውን ልናነሳው ስንል በሁለት እጃቸው ይዘው ከለከሉን። ‹አትነቅንቁት፤ ገና ያልተሻገሩ አሉ› አሉን።» ከዚያ ከረጢቱን ከነስልኬ ሰጠኝ። «መሄድ ይችላሉ።»

እግሬ መሮጥ ፈለገ። አገር ቤት የፈቱኝ ዕለት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የሮጥኩት። አሁን ግን ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩና ሶፍት ካላቸው እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ወታደሮቹን እያወጣሁ በየተራ እጠቀልላቸው ጀመር። የአንዱ ረጅም ጦር ተጣሟል፤ እንዳይሰበር ቀስ ብዬ በጣቴ አቀናሁት። መርማሪው በሩን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀኝ። እማማ ካፖርታቸውን ለብሰው ሊሄዱ ነበር፤ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡና የመጨረሻዎቹን ጠቀለሉልኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ወንዝ ዳር ፎቶ ማንሳት ግን ትቻለሁ፤ ፖሊስ ሳይ ዛሬም መታወቂያዬ መኖሩን ለማረጋገጥ ኪሴን እዳብሳለሁ። የምጫወተው እሑድ፣ ባለቤቴ ጉባኤ ስትሄድ ነው። የበሩ ደወል ሲጮህ ልቤ ቀጥ ይላል። ዳይሱ እጄ ላይ ከሆነ ግን እጥለዋለሁ፤ የወጣውን አያለሁ፤ ወታደሩን ወደሚገባው ቦታ አራምደዋለሁ። ከዚያ ተነስቼ እከፍታለሁ።