እማዬ ሳልሳ ያቆመችበት እሑድ

እውነት ተናግራችሁ፣ ማንም ሳይቆጣችሁ ቀርቶ፣ «በቆጡኝ ይሻል ነበር» ያላችሁበት ቀን አለ? እኔን በአሥር ዓመቴ ገጥሞኛል።

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እናቴ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር፣ ሳንድዊች የሚታሸግበት ፋብሪካ ቆማ ትውልና ስትመለስ ልብሷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ግን ቶሎ ትታጠባለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ እኔን ይዛ ከካሌዶኒያን ሮድ ወደ ሆሎዌይ በእግር እንሄዳለን። እዚያ ከአንድ የምንጣፍ ሱቅ በላይ የሳልሳ ክለብ ነበር። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ፣ ባለቤቱ ኮት ከሚሰቀልበት ጥግ ወንበር ሰጥተውኝ የቤት ሥራዬን እዚያ እሠራ ነበር። የረጠበው ካፖርት፣ የተቆረጠው ሎሚና የላብ ሽታ ተደባልቆ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ሳልሳን ለማታውቁ ላስረዳ። የጥንድ ጭፈራ ነው፤ እስከ ስምንት ይቆጠራል፤ አራትና ስምንት ላይ እግር ያርፋል። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ትምህርት አለ፣ ከዚያ ጭፈራው ይከፈታል። ሰው እጁን ሲዘረጋላችሁ አንድ ዘፈን አብራችሁ ትጨፍራላችሁ፣ ታመሰግናላችሁ፣ ወደ ሌላ ሰው ታልፋላችሁ። ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። እናቴ እርምጃውን ቶሎ ያዘችው፤ የቸገራት ምስጋናው ነበር። በዕድሜ ከሚበልጧት ሰው ጋር ከጨፈረች፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ትጨብጣቸዋለች። ነጭ ጫማ የሚያደርጉ አንድ ኮሎምቢያዊ ሽማግሌ ይህንን ከእሷ ተማሩና እሳቸውም ይጎነበሱላት ጀመር። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ግራ ሲጋቡ እናቴ ትስቃለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት እዚያ ብቻ ነበር።

ለሰው ግን የምትለው «ረቡዕ ክላስ አለኝ» ነበር። ሰውም እንግሊዝኛ ነው ብሎ ተቀበለ።

አንድ እሑድ የማርያም ማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። በወር በሃያ አንድ መሆን ሲገባው፣ ሁሉም ሥራ ስላለበት ወደ እሑድ የተገፋ ማኅበር ነው። ድፎው እየተቆረሰ ሳለ የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ጽጌ እናቴን ነካ አደረጓት።

«ውዴ፣ ይኼ ክላስሽ አያልቅም እንዴ? ሐኪም ልትሆኚ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ ሳህኗን እያየች «እያዘገምኩ ነው፣ እትዬ» አለች።

እናቴ ሰነፍ ተማሪ መባሏን መቻል አቃተኝ። «እትዬ ጽጌ፣ እማዬ እኮ ከክላሱ አንደኛ ናት» አልኳቸው።

«በምን፣ የኔ ቆንጆ?»

«በሳልሳ።»

ምን እንደሆነ አላወቁም። ስለዚህ ተነሥቼ አስረዳኋቸው። እየቆጠርኩ ረገጥኩ፤ እጄን ወደ ጀርባዬ አዙሬ «ሰውዬው እዚህ ጋ ይይዛታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሰውዬ ይመጣል» አልኩ።

ዳቦ የምትቆርሰው ሴት ቢላዋ ቆመ።

«ሌላ ሰውዬ» አሉ እትዬ ጽጌ፣ ቀስ ብለው። «እሰይ። ጥቁሩን ያወለቅሽው ለዚህ ኖሯል።»

«እሱም እንኳን ይህን ሳያይ ሞተ» አለች ከጥግ አንዷ።

እናቴ ብድግ አለች። «እትዬ፣ ዳቦ ልጨምርልዎ?»

እንግዶቹ ሲሄዱ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሳህን እያጠበች «ልጅ አይዋሽም» አለች፤ አልተቆጣችኝም። ረቡዕ ኮቴን ለብሼ በሩ ጋ ቆምኩ። «ደክሞኛል» አለችኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ የማታ ሺፍት ወሰደች። ከዚያ በኋላ ረቡዕም እንደ ሌላው ቀን ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተ።

ዛሬ እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ በማስረዳት ነው። ባለፈው ክረምት የእትዬ ጽጌ ልጅ ስታገባ ሙሽሮቹ መድረኩን የከፈቱት በሳልሳ ነበር። ቀድመው እልል ያሉት እትዬ ጽጌ ናቸው። «አየሽ ውዴ፣ እንዴት እንደሚያምር» አሏት እናቴን። እናቴም አጨበጨበች። ሙሽራዋ አራት ላይ ማረፍ አልቻለችም ነበር፤ እናቴ ግን ማጨብጨቧን አላቋረጠችም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅኋት። «ያን ጊዜ በእኔ ምክንያት ነው የተውሽው?»

«ምኑን?» አለች፣ በመስኮቱ እያየች። ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው የፋብሪካ መቆም ጨርሶታል፤ አሁን ደረጃ እንኳን የምትወጣው ተደግፋ ነው። «ምንም የተውኩት የለም።»

ደግሜ አልጠየቅኋትም። እውነቱን እንዳትነግረኝ ፈርቼ ነው።

እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ደውሉላት። በእናንተ ምክንያት የተወችው ነገር እንዳለ ጠይቋት። «ምንም» ትላችኋለች። ስልኩን አትዝጉ፤ እንደገና ጠይቋት።